«ቻርጅ» ሲሉ የቱን ማለታቸው ነው?

በረሆቮት ባቡር ጣቢያ ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ጆሮ የሚገባ ወሬ አይጠፋም። የማኅበረሰቡ ወጣቶች፣ በተለይ በቅርብ ዓመታት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡት፣ አማርኛውንና ዕብራይስጡን እያቀላቀሉ ሲጫወቱ በመሐል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ ትላለች፦ «ቻርጅ»። ስልኩ የተዘጋበት «ቻርጅ ጨረስኩ» ይላል። አንዷ «የአያቴን ራቭ-ካቭ ቻርጅ አድርጌለት መጣሁ» ትላለች። ሌላው የባንኩን መልእክት እያየ «ሁለቴ ቻርጅ አድርገውኛል!» ብሎ ይቆጣል። ደግሞ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንድ የሰፈር ልጅ ያወራል፤ «ቻርጅ ደርሶታል አሉ»። ይኼኛው የፍርድ ቤት ክስ ነው። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ አባት አራቱንም ይሰማሉ። ለእሳቸው ግን አራት ጊዜ የተነገረው ያው አንድ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የተለመደ ነው። ሽማግሌው ይጠይቃሉ፣ ልጁ «ተወው አባዬ፣ ረጅም ነገር ነው» ይላል። ሽማግሌውም አፍረው ዝም ይላሉ። ታዲያ ማፈር ያለባቸው እሳቸው ናቸው? ቃሉ ተቋጥሮ ነው የተሰጣቸው። ቋጠሮውን ሳይፈታ ያቀበለው ሰው እያለ፣ ያልገባው ሰው የሚወቀስበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ይህችን ቃል ከሥሯ ለሚመረምር ሰው፣ ከልጅ ልጆቻቸው ይልቅ ሽማግሌዎቹ ሳይቀርቧት አይቀሩም።

«ቻርጅ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ላቲን ነበር። ላቲኑ ጋሪን «ካሩስ» ይላል፤ ጋሪ ላይ መጫንን «ካሪካሬ»። መኪናን «ካር»፣ የመርከብና የአውሮፕላን ጭነትን «ካርጎ» የሚሉት ቃላትም የዚያው ጋሪ ልጆች ናቸው። እንግዲህ የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ ጭነት ነው ማለት ነው። ጠመንጃ ውስጥ ባሩድ ሲጨመር ቻርጅ ተባለ፤ ኋላ ባትሪ ሲመጣ ኤሌክትሪክ መሙላትም በዚሁ ስም ተጠራ። ሰው ላይ ዋጋ ሲጫን ሒሳብ ሆነ። ጥፋት ሲጫንበት ክስ ሆነ። ሥራ ሲጫንበት ኃላፊነት ሆነ፤ አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚይዘውን ሰው ዲፕሎማቶች እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛው «ሻርዤ ዳፌር» ይሉታል፣ ጉዳይ የተጫነበት እንደ ማለት ነው፤ አማርኛው «ጉዳይ ፈጻሚ» ብሎ አሳምሮ ተርጉሞታል። ፈረሰኛ ጦር በአንድ ጊዜ እየጋለበ ጠላት ላይ ሲወርድም እንግሊዞቹ ቻርጅ ነው የሚሉት። ይኼስ ከጭነት ጋር ምን አገናኘው ያሰኛል። ቃል ግን ከብት አይደለም፣ በበረት አይዘጋም።

የሐኪም ቤቱን ነገር ማለፍ አይቻልም። «ዲስቻርጅ» ማለት ጭነትን ማራገፍ ነው። የሕክምና ሰዎች ታዲያ በሽተኛ ተሽሎት ከሆስፒታል ሲወጣም፣ ከቁስል ፈሳሽ ሲወጣም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ቃሉ እንዳለ ወደ አማርኛው ገብቷል። «እናትየዋ ዲስቻርጅ አላት» ሲባል፣ አንዱ ዘመድ ልትወጣ ነው ብሎ ልብሷን ሊያመጣ ይሮጣል። ሐኪሙ ያለው ግን ቁስሏ እየመገለ ነው፣ ገና ትቆያለች ነው።

አማርኛስ ቢሆን? ጎንደር ገጠር ያደገ ሰው «ባቡር ወረደች» ሲባል እህል ልታስፈጭ እንደሄደች ያውቃል፤ የእህል ወፍጮው ሞተር ባቡር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድም ያንኑ ስም ይዟል፣ «የምድር ባቡር» ተባለ፤ ጣቢያውን ደግሞ ሕዝቡ ከፈረንሳይኛው ወስዶ «ለገሃር» አለው። «ጣቢያ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የባቡር ጣቢያ አለ፣ የሬዲዮ ጣቢያ አለ፣ የፖሊስ ጣቢያ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን «ጣቢያ ነው ያለው» ሲባል መጀመሪያ ልብ ውስጥ የሚመጣው የፖሊሱ ነው።

እንበልና አንድ ልጅ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ወደ ቂርያት ሞሼ ደውሎ ለአያቱ «አባዬ ጣቢያ ነው፣ ቻርጅ እየተደረገለት ነው» አላቸው። እሱ ያለው አባቱ ካርዱን እያስሞላ ነው። እሳቸው የሰሙት ልጃቸው ፖሊስ ጣቢያ ተይዞ ክስ እየተጻፈበት ነው። ቡናው ሳይወርድ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሁለት ቃል ነው፣ ሁለቱም ትክክል ነው፣ የተላለፈው ግን ውሸት ሆነ። እንዲህ ያለው ሲደርስ ያስቃል። የሚያስቀው ግን ባቡር ጣቢያው ስለሆነ ነው፤ እውነተኛው ፖሊስ ጣቢያ ቢሆን ማንም አይስቅም።

ወደ ዕብራይስጡ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ካርዱ ራሱ «ራቭ-ካቭ» ነው። «ካቭ» መስመር ነው፤ «ራቭ» ግን ብዙ ማለትም ነው፣ የሃይማኖት መምህር ማለትም ነው። ካርዱ ብዙ መስመር ለማለት ነው እንጂ የራቢው መስመር አይደለም። ካርዱን መሙላት «ጥዒና» ይባላል። (ትግርኛ ተናጋሪ አባት ይህን ሲሰሙ ጥዕና፣ ጤና፣ መስሎአቸው «አሜን» ቢሉ አይፈረድባቸውም።) በፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ወይም ክርክር ደግሞ «ጣዓና» ነው። ሁለቱ ሲጻፉ ልዩነታቸው አንዲት ዮድ ናት። «ሃጥዓና» ብሎ መጫንን፣ «ሃ-ጣዓና» ብሎ ያንን አቤቱታ ሲጽፉት ደግሞ ያቺ ዮድም ትጠፋለች፤ ፊደሉ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚለየው አንባቢው ነው። በራቢዎች ፍርድ ቤት የጋብቻ ወይም የፍቺ ጉዳይ የነበረው ሰው «ጦዔን ራባኒ»ን ያውቀዋል፤ ስለ ባለጉዳዩ የሚከራከረው ሰው ማለት ነው፣ ከዚያው ሥር የወጣ። እንግሊዝኛው መጫንንና መክሰስን በአንድ ቃል እንዳሰረ፣ ዕብራይስጡም መጫንንና መከራከርን በአንድ ሥር አስሯል። አንዱ ከሌላው አልተማረም። ሰው ላይ ነገር ሲለጠፍበት እንደ ሸክም የሚከብድ መሆኑን ሁለቱም በየራሳቸው አይተውታል።

ሌላም አለ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 45 ፈርዖን የዮሴፍን ወንድሞች እንስሶቻቸውን ጭነው ወደ ከነዓን እንዲሄዱ ያዛል። እዚያ ቦታ በዕብራይስጡ የቆመው ግሥ ይኸው «ጣዓን» ነው። ግዕዙ መጫንን «ጸዐነ» ይላል፤ ቄሶች ያውቁታል። ትግርኛው «ጸዓነ» ይለዋል፣ አማርኛው «ጫነ»። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቃውንት እነዚህን ከዕብራይስጡ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ያደርጓቸዋል፤ የግዕዙ ጸ በአማርኛ ጨ ሲሆን ጼው ጨው እንደሆነው ነው። እንግዲህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስንቁን በአህያ ጭኖ በእግሩ ወደ ሱዳን የወጣ ሰው፣ ዛሬ ረሆቮት ባቡር ጣቢያ ማሽን ፊት ቆሞ «ይህ ቃል የእኔ አይደለም» ብሎ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? የማሽኑ ቃልና የአህያው ቃል አንድ ነው። አዲሱ ማሽኑ ነው።

ከዚያው ሥር አንድ ጥንቃቄ የሚያሻው ጥንድ አለ። የስልክ መሙያ «ማጥዔን» ይባላል። ጭነት ወይም የጉዞ ዕቃ «ሚጥዓን» ነው። የሚፈነዳ ነገርም «ሚጥዓን» ነው፣ እንግሊዝኛውም ለዚህ «ቻርጅ» እንደሚል። ሦስቱም ያለ ነጥብ ሲጻፉ አንድ ናቸው። በጣቢያ መግቢያ ጥበቃው ቦርሳ በሚፈትሽበት፣ ባለቤት የሌለው ዕቃ ሲገኝ ሰዉ ሁሉ ወደ ውጭ በሚወጣበት አገር፣ «ውስጥ ማጥዔን ረስቻለሁ» እና «ውስጥ ሚጥዓን ረስቻለሁ» መሐል ያለው አናባቢ ቀላል አይደለም። የረሆቮት ሐዲድም ይህን በደም ያውቀዋል፤ የካቲት 29 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ሌሒ የተባለው የምድር ውስጥ ድርጅት ከከተማዋ በስተ ሰሜን በሐዲዱ ላይ ባጠመደው ፈንጂ ከካይሮ ወደ ሐይፋ የሚሄድ ባቡር ተመትቶ 28 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል። ሽማግሌ መሙያውን ቢረሳ የሚሻለው ስሙን ትቶ «የስልኬ ገመድ» ማለት ነው። ገመድ ማንንም አያስደነግጥም።

ገንዘቡ ጋ ሲደረስ ጨዋታው ያልቃል። ከሒሳብ ላይ ገንዘብ ሲወሰድ ወጣቱ «ቻርጅ» የሚለውን ዕብራይስጡ «ሒዩቭ» ይለዋል። ከዚያው ሥር የወጣው «ሐያቭ» ግዴታ አለበት ማለት ነው፣ ዕዳ አለበት ማለት ነው፣ ጥፋተኛ ነው ማለትም ነው። አማርኛውም ከዚህ አይርቅም፤ የገንዘብ ዕዳ አለ፣ የደም ዕዳ አለ። ስለዚህ ስልክ ላይ «ሒዩቭ አለብህ» የሚል መልእክት የደረሳቸው አባት ልባቸው ቢደነግጥ አይገርምም። የሚያሳዝነው አጭበርባሪዎች ይህን ድንጋጤ ማወቃቸው ነው። የመንገድ ወይም የፖስታ ክፍያ እንዳልተከፈለ አስመስሎ፣ «ይህን ተጫንና አሁኑኑ ክፈል፣ አለዚያ ይጨመርብሃል» የሚል የሐሰት መልእክት መላክ በእስራኤል የታወቀ ዘዴ ሆኗል። መክፈልና መከሰስ በአእምሮው ያልተለዩለት ሰው፣ ከክስ ለመዳን ብሎ ቶሎ ይከፍላል። መልእክቱ የመጣለት ሰው የልጅ ልጁን «ይህ ቻርጅ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ «አዎ» ይባላል፤ እውነትም ነው፣ ምንም ግን አልተነገረውም። «ይህን ገንዘብ የምከፍለው ለማን ነው? ምን ስለወሰድኩ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ልጁም ቆሞ ያነበዋል።

ከሁሉ የከበደው የፖሊሱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «የክስ ቻርጅ» የሚባለው በዐቃቤ ሕግ ተጽፎ ለተከሳሽ የሚሰጠው ወረቀት ነው። እዚህ ግን ልጆቹ ቃሉን ለሁሉም ያውሉታል። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ መታወቂያ የጠየቀው ልጅም «ቻርጅ ተደረገ» ይባላል፣ ለቃል ተጠርቶ የተመለሰውም፣ እውነተኛው የክስ ወረቀት፣ «ክታቭ ኢሹም»፣ የደረሰውም። በእነዚህ መሐል ያለው ርቀት ከረሆቮት እስከ ጎንደር ነው። መጠየቅ መጠርጠር አይደለም፣ መጠርጠር መከሰስ አይደለም፣ መከሰስም ገና ጥፋተኛ መሆን አይደለም። አማርኛው ለእያንዳንዱ ቃል አለው፦ ተጠየቀ፣ ተጠረጠረ፣ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት። አራቱ በአንድ «ቻርጅ» ሲጠቀለሉ፣ መታወቂያ ብቻ የተጠየቀ ልጅ በሠርግ ቤትና በለቅሶ ቤት ወንጀለኛ ሆኖ ያድራል። ሥራ ሊቀጥረው የነበረው ሰው ይሰማል፣ ልጁን ሊድር ያሰበው አባት ይሰማል። በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ በኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ላይ ስለሚፈጸም ዘረኝነት ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጠን ያለፈ የፖሊስ ቁጥጥርን አንዱ ጉዳዩ አድርጎት ነበር። ውጭ ያለው በደል ሳያንስ፣ ቤት ውስጥ በቃል አያያዝ ስንፍና ተጨማሪ ስም ማጥፋት ምን የሚሉት ነው?

ሕጉ በዚህ በኩል ደግ ነው። በ2002 የወጣው የተጠርጣሪዎች ምርመራ ሕግ፣ ምርመራው ተጠርጣሪው በራሱ ቋንቋ ወይም በሚገባውና በሚናገረው ቋንቋ እንዲካሄድ ያዝዛል። በ1982 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ዕብራይስጥ ለማያውቅ ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲሾምለት ይላል። ይህ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። «ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» ብሎ በትሕትና መተው ግን የሽማግሌ ወጉ ሆኗል። ትሕትናው ለቡና ቤት ይሁን። ወረቀት ላይ ጣት ሊያርፍ ሲል «ትንሽ ትንሽ» አይሠራም።

አንዳንዱ «አርባ ዓመት ሙሉ ዕብራይስጥ ቢማሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» ይላል። ነገሩ የማያስኬድ አይደለም፤ ቋንቋ የተማረ አልከሰረም። ግን ሃጥዓናንና ሃ-ጣዓናን በወረቀት ላይ እዚሁ ተወልዶ ያደገውም አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ የሚለያቸው ዐረፍተ ነገሩን አይቶ ነው። ሽማግሌው የተነፈገው ዐረፍተ ነገሩን ነው። ልጁ ከሙሉው ነገር አንዷን ቃል ቆንጥሮ ይሰጣል፤ ያቺ ቃል ብቻዋን ማንም ዘንድ አትገባም።

ይህ ሲባል ጥፋቱ ሁሉ የልጁ ነው ማለት አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የባንክ ደብዳቤ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፖሊስ ጥሪ እንዲያስተረጉም ሲደረግ፣ በእንግሊዝኛው ትክክለኛ ትርጉም ቻርጅ የተደረገው እሱ ነው፤ ሸክሙ እሱ ላይ ነው የተጫነው። የአባቱን ዕዳ፣ የእናቱን ሕመም ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ይሆናል። የማያውቀውን ቃል ላለማሳፈር ይዘለዋል፣ የሚያስደነግጠውን ያለዝበዋል። ቤት ሲመለስ ደግሞ አባቱን እንደ አባት ስማ ይባላል። የጣቢያው ማሽን የልጅ ልጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ካርድ መሙላት ማንንም አይጎዳም። ክስና ቀዶ ሕክምና ግን የልጅ ሥራ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ሙያም እዚህ ላይ አለ። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ነገር በጭምጭምታ አይቀበልም። ከሳሹ ፊት ለፊት ይናገራል፣ ተከሳሹ የሰማውን መልሶ ይላል፣ «አልሰማህም፣ ያልኩህ እንዲህ ነው» ይባባላሉ፤ ነገሩ የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው። በዛፍ ሥር ይህን ሲያደርጉ የኖሩ ሰዎች ባንክ መስኮት ላይ ሲደርሱ ለምን ይተዉታል? «ቻርጅ» ለሚል ማንኛውም ሰው፣ ልጅም ይሁን ጸሐፊ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ ምን ተጫነ? በማን ላይ? ማን ጫነው? ኤሌክትሪክ ከሆነ በስልኩ ላይ ነው፣ ሰላም። ገንዘብ ከሆነ ስንት እንደሆነና ለማን እንደሆነ ይነገር። ጥፋት ከሆነ ወረቀቱ ይታይ፣ አስተርጓሚ ይምጣ። ጥያቄው ሲበዛ ልጁ ሊሰለች ይችላል። ይሰልች። ሲመልስ እሱም ይማራል፤ ብዙዎቹ ወጣቶች «ቻርጅ» ሲሉ የቱን ማለታቸው እንደሆነ ለራሳቸውም አልለዩትም።

ማሽኑም ቢሆን ይህን ልዩነት ያውቃል። ራቭ-ካቭ ሲሞላ የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ከባንክ ካርዱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጉዞው በራቭ-ካቩ ላይ ይጻፋል። ሁለቱም በወጣቶቹ አፍ ቻርጅ ናቸው። በመሐሉ ቸኩሎ ካርዱን ያነሣ ሰው አንደኛው ቻርጅ ደርሶበት ሁለተኛው ሊቀርበት ይችላል፤ «ቻርጅ ተደርጓል» ቢባልም ባቡሩ መግቢያ ላይ በሩ አይከፈትለትም። በረሆቮት ጣቢያ ማሽኑ አጠገብ በአማርኛ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ሦስት መስመር ይበቃው ነበር፦ ካርዱን አስቀምጥ። ክፈል። «አልቋል» እስኪል ካርዱን አታንሣ፣ ደረሰኙንም ያዝ። «ቻርጅ» የሚለው ቃል እዚያ ወረቀት ላይ አያስፈልግም።